ንጉሥ አይከሰስ፤ ታዲያ ማን ይከሰስ?

ባለፈው ዓመት በተሰባሰብን ጊዜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ስድስት ኪሎ በድሮው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አጠገብ ጥላ ይዘን ሻይ እየጠጣን ነበር። እንደ ልማዳችን ጨዋታው ከልጅ ልጆች ተነሥቶ፣ በደም ግፊት መድኃኒት አልፎ፣ ፖለቲካ ላይ ደረሰ። አብሮን የተቀመጠ አንድ ወጣት መምህር ታዲያ ድንገት፣ «ጋሼ፣ ለመሆኑ የአንድ አገር ፕሬዚዳንት ፓርላማ ከመክፈትና አምባሳደር ከመቀበል ሌላ ሥራው ምንድን ነው?» አለኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት አንዱ የክፍል ጓደኛዬ ቀደመኝ። «እኛ ያንን የ1966ቱን ረቂቅ ብንቀበለው ኖሮ ዛሬ እንደ እንግሊዝ ንጉሥ ይኖረን ነበር፤ ይህም ጥያቄ አይነሣም ነበር» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «ተው እንጂ! ረቂቁን መቼ አነበብከውና ነው?» ብሎ ሳቀበት። ሁላችንም ሳቅን።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሳቁ አልጣመኝም። እውነት ነው፤ ያን ረቂቅ ከመካከላችን ያነበበው ሰው አልነበረም። ሳናነብ ግን ጥለነዋል። ለዚህ ለዓመት መጽሐፋችን አንድ ነገር ጻፍ ስባልም ሌላ ርእስ አልፈለግሁም። የነገሠና የሚገዛ ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው? ርዕሰ ብሔርና ርዕሰ መንግሥት መለየታቸው ለተራው ሰው ምን ይፈይድለታል? እኛስ በዚህ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ተነሥተን ስንት ጊዜ ወደቅን? ለወጣቱ መምህር የዚያን ቀን ያልመለስኩለትን እዚህ ልሞክረው።

ስሙ ያለ፣ ጉልበቱ የሌለ

«የማይገዛ ንጉሥ» ሲባል የእኛ ሰው ጆሮ የሚሰማው እንግሊዝን አይደለም፤ ዘመነ መሳፍንትን ነው። ከ1760ዎቹ እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ ጎንደር ላይ ንጉሠ ነገሥት አልጠፋም። ዘውዱ ነበረ፣ አዋጁ በስሙ ይነገር ነበር፣ የሰሎሞን ዘርነቱም አልተካደም። ሥልጣኑ ግን በየክፍለ ሀገሩ መሳፍንት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየጁ ራሶች እጅ ነበር። ራሱ እንደራሴ ይባላል፤ የሚሾምና የሚሽር እሱ ነው፤ ደስ ካላለው ንጉሡን ራሱን ከዙፋን አውርዶ ሌላ ያስቀምጣል። አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ ደጋግመው ነግሠው ደጋግመው ወርደዋል። ሕዝቡም «ፍጻሜ መንግሥት» የሚል ቅጽል አወጣላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የጎንደር ነገሥታት ሥልጣናቸውን ያጡት ለሕግ አይደለም፤ ለጉልበተኛ ነው። እንደራሴውን የሚጠይቅ ጉባኤ አልነበረም፤ የሚጠይቀው ሌላ ባለ ጦር ብቻ ነበር። ስለዚህ በታሪክ ትዝታችን ውስጥ ደካማ ንጉሥና የፈረሰ አገር አንድ ላይ ተጣብቀው ቀሩ። አጼ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ዘውዱንና ጉልበቱን እንደገና አጋጠሙ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ነገሥታት ሁሉ የተመሰገኑት ወይም የተወቀሱት በዚሁ ሚዛን ነው፤ ያዘዙት ይፈጸም ነበር ወይስ አይፈጸምም? እንግዲህ «ንጉሡ ይንገሥ እንጂ አይግዛ» የሚል ሐሳብ ወደዚህ አገር ሲመጣ ባዶ መሬት ላይ አልወደቀም። ዘመነ መሳፍንትን የሚፈራ ትዝታ ላይ ነው የወደቀው።

ሁለተኛው ልምዳችን ከ1909 ዓ.ም. በኋላ ያለው ነው። ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘውዱን ያዙ፤ ራስ ተፈሪ ደግሞ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆኑ። ክብሩ በአንድ በኩል፣ የዕለት ሥራው በሌላ በኩል። ለዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል አገሪቱ በዚህ ዓይነት ክፍፍል ተዳደረች። ይህም ቢሆን ግን በሕግ የተሠመረ ድንበር አልነበረም፤ የኃይል ሚዛን ነበር። ሚዛኑም ቀስ በቀስ ወደ ተፈሪ አደላ። በ1921 ዓ.ም. መስከረም ላይ ንጉሥ ተባሉ፤ ዘውዲቱ በ1922 ዓ.ም. ሲያርፉ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ራስ ላይ አረፉ።

ከጃፓን የመጣው ወረቀት

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ታወጀ። 55 አንቀጾች ነበሩት። ረቂቁን ያዘጋጁት ሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ ዋናው አብነታቸው እ.ኤ.አ. የ1889ኙ የጃፓን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ለምን ጃፓን? ንጉሠ ነገሥቷን ሳታወርድ፣ ሃይማኖቷንና ልማዷን ሳትጥል፣ ከአውሮፓ ጋር እኩል የቆመች አገር ስለነበረች ነው። ምሁራኑም መኳንንቱም የሚስማሙበት ምሳሌ ነበረች።

በሕገ መንግሥቱ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። የመጀመሪያዎቹን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቱ መካከል ይሾማሉ። ሁለተኛዎቹን፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፣ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ይመርጣሉ። ሥልጣኑ ግን የትም አልሄደም። እንዲያውም ቀድሞ በልማድ ከየጠቅላይ ግዛቱ ባላባት ጋር ይጋሩት የነበረውን ንጉሠ ነገሥቱ አሁን በጽሑፍ ጠቀለሉት። ሌላው ዓለም ሕገ መንግሥት የሚያወጣው ንጉሥን ለመገደብ ነው፤ የእኛ የመጀመሪያው ደግሞ ንጉሡን ከመሳፍንቱ ለማላቀቅ ወጣ። ለጊዜው ይህም ቀላል ሥራ አልነበረም፤ አገር አንድ አድርጓል። ነገር ግን ሕገ መንግሥት ሲባል «ጃንሆይ የሰጡን ስጦታ» የሚለው አስተሳሰብ የተተከለው ያኔ ነው። ስጦታ ደግሞ ሰጪውን አይጠይቅም።

ሁለተኛው በጥቅምት 1948 ዓ.ም.፣ ለዘውዱ 25ኛ ዓመት በዓል ታወጀ። 131 አንቀጾች። ከበስተጀርባው አንድ የሚያሳፍር ነገር ነበር። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል የተመረጠ ምክር ቤት ያለው ሕገ መንግሥት ይዛ ነው የመጣችው። ክፍሏ ከሙሉው የተሻለ ሕግ ይዛ መታየቷ አላማረም። ስለዚህ እንደ አሜሪካዊው ጆን ስፔንሰር ያሉ አማካሪዎች የተሳተፉበት የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ወጣ። የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ ተደረገ፤ የመጀመሪያው ምርጫም ተካሄደ። ሴቶችም መረጡ። ፓርቲ ግን አልነበረም።

በዚህ ሕግ አንቀጽ 26 ላይ አንድ አስደናቂ ቃል አለ። ሉዓላዊነቱ የንጉሠ ነገሥቱ መሆኑን ይናገርና፣ በአገሪቱ ጉዳይ ሁሉ ላይ ያለውን የበላይ ሥልጣን እሳቸው በርዕሰ ብሔርነታቸው ይሠሩበታል ይላል። አንቀጽ 4 ደግሞ አካላቸው ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸው የማይነካ መሆኑን ደንግጓል። «ርዕሰ ብሔር» የሚለው ስም ገብቷል፤ ይዘቱ ግን የሁለቱም ነው። ሚኒስትሩን የሚሾሙትም የሚሽሩትም እሳቸው፤ ሚኒስትሩም መልስ የሚሰጠው ለእሳቸው።

የምሳሌው ሌላኛው ግማሽ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል ያገራችን ሰው። የሚገርመው ይህ ተረት እንግሊዝ አገር ቢነገርም ውሸት አይሆንም። እዚያም ንጉሥ አይከሰስም። ልዩነቱ እንግሊዞች ቀጥለው አንድ ጥያቄ መጠየቃቸው ነው፤ ንጉሥ ካልተከሰሰ ታዲያ ማን ይከሰስ? መልሳቸው፦ ሚኒስትሩ። ንጉሡ ያለ ሚኒስትር ምክር ምንም ነገር አያደርግም፤ የመከረው ሚኒስትር ደግሞ ፓርላማ ፊት ይቆማል። ፓርላማው ካላመነው ይወርዳል። በመሆኑም ንጉሡ ጥፋት አይሠራም የሚባለው ቅዱስ ስለሆነ አይደለም፤ ጥፋቱን የሚሸከም ሰው ስላለ ነው።

ይህ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1689 ፓርላማው የመብቶች ሕግን አወጣ። ንግሥት አን እ.ኤ.አ. በ1708 ፓርላማ ያጸደቀውን አንድ ሕግ አልፈርምም አለች፤ ከእሷ ወዲህ ያንን ያደረገ የእንግሊዝ ንጉሥ የለም። እ.ኤ.አ. በ1867 ዋልተር ባጆት የሚባል ጸሐፊ፣ ለዘውዱ የቀሩት ሦስት መብቶች መሆናቸውን አስተማረ፤ እንዲያማክሩት፣ እንዲያበረታታ፣ እንዲያስጠነቅቅ። አለቀ። ከዚህ በላይ አስተዋይ ንጉሥም አይፈልግም ብሏል።

የእኛ አብነት የነበረችው ጃፓን ራሷ የሄደችበትን መንገድ እዩ። የሜይጂ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱን ቅዱስና የማይደፈር አድርጎ ነበር። በዚያ ቅዱስ ስም ከለላ ጄኔራሎቹ አገሪቱን ወደ ጦርነት ነዱ። እ.ኤ.አ. በ1947 በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱን የመንግሥቱና የሕዝቡ አንድነት ምልክት አደረገው፤ መንግሥት የመምራት ሥልጣን የለውም። የሚያሳዝነው እኛ ከዚያ ከስምንት ዓመት በኋላ ሕገ መንግሥታችንን ስናሻሽል ጃፓን የጣለችውን ቃል ጠብቀን መቆየታችን ነው።

ምልክት መሆን ቀልድ እንዳይመስለን። ለዚህ ሁለት ምሳሌ ልስጥ። ጣሊያን ሕገ መንግሥታዊ ንጉሥ ነበራት፤ ቪክቶር ኢማኑኤል ሣልሳዊ። እ.ኤ.አ. በ1922 የሙሶሊኒ ጥቁር ሸሚዞች ወደ ሮም ሲተሙ፣ ካቢኔው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አዘጋጅቶ ፊርማውን ጠየቀው። አልፈርምም አለ፤ መንግሥት እንዲያቋቁምም ሙሶሊኒን ጠራ። እኛን የሚነካን የዚህ ንጉሥ ሥራ ግን የኋለኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 አገራችን ስትወረር «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ማዕረግ ደስ ብሎት የተቀበለው እሱው ነው። ሕዝቡም አልረሳለትም፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1946 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ዘውዱ ቀረ።

በሌላ በኩል ስፔንን እንይ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1981 የታጠቁ የጦር መኮንኖች ፓርላማው ውስጥ ገብተው እንደራሴዎቹን አገቱ። ንጉሥ ኋን ካርሎስ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የጦር ልብሳቸውን ለብሰው በቴሌቪዥን ቀረቡና ሕገ መንግሥቱን እንደሚጠብቁ፣ መፈንቅለ መንግሥቱን እንደማይቀበሉ ተናገሩ። ሙከራው ከሸፈ። በሰላም ቀን ሪባን የሚቆርጥ የሚመስለው ሰው ለዚያች ሌሊት ነው የተቀመጠው። እንዲህ ያለች ሌሊት በአንድ ሰው ዘመን አንድ ጊዜ ትመጣ ይሆናል፤ ጨርሳም ላትመጣ ትችላለች። ሰውየው ግን መኖር አለበት።

ደመወዝተኛው ንጉሥ

ወደ አገራችን እንመለስ። ሻይ የጠጣንበት ቦታ የዚህ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ነው። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። በሬዲዮ አዋጁን ያነበቡት አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ናቸው። ወደውም ይሁን ተገድደው፣ በዚያ ንግግር ውስጥ አንድ አዲስ ሐሳብ ነበረ፤ እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በደመወዝ አገሬን አገለግላለሁ አሉ። ንጉሥ በደመወዝ! ልዑል ራስ እምሩም ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ ተሰየሙ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ።

ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ። በመጨረሻም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ታግተው የነበሩት ባለሥልጣኖች፣ ልዑል ራስ ሥዩም መንገሻንና ራስ አበበ አረጋይን ጨምሮ፣ ተረሸኑ። በዓመቱ ጃንሆይ ያንን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። እኛ ለዓመታት መጽሐፍ የተዋስንበት፣ ዛሬም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያለበት ሕንፃ ይኸው ነው። ታላላቆቻችን ደግሞ ዲግሪያቸውን ከጃንሆይ እጅ ተቀብለዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ የዩኒቨርሲቲው ቻንስለርም ነበሩና። ዲግሪ ሰጪውም፣ ሚኒስትር ሿሚውም፣ ይግባኝ ሰሚውም አንድ ሰው ነበር።

ጃንሆይ ከ1953ቱ ምንም አልተማሩም ማለት አይቻልም። በ1958 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ የካቢኔ አባላታቸውን ራሳቸው መርጠው ለንጉሠ ነገሥቱ እንዲያቀርቡ ተፈቀደላቸው። በወረቀት ላይ ትልቅ እርምጃ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን መልስ የሚሰጡት ለፓርላማው ሳይሆን ለጃንሆይ ነበር። አደራው ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ አልመጣም።

የዚህ ዋጋ በወሎ ታየ። በ1965 ዓ.ም. ረሃቡ ሰው ሲጨርስ፣ የዩኒቨርሲቲያችን መምህራን ወሎ ሄደው ያነሷቸው ፎቶግራፎች ግቢ ውስጥ ታዩ፤ ተማሪውም ተነሣ። ማን አጠፋ? ተባለ። አገረ ገዥው ለሚኒስትሩ፣ ሚኒስትሩ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለጃንሆይ። ከዚያ ወዲያ ተረቱ ይመጣል፤ ንጉሥ አይከሰስ። እንግሊዞች የጨመሩት ሁለተኛ ጥያቄ እኛ ዘንድ ስላልነበረ፣ ንጉሥ ባልተከሰሰ ጊዜ ማንም አልተከሰሰም።

ያልተነበበው ረቂቅ

እኔ በ1966 ዓ.ም. ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሁት። የካቲት 20 ቀን የአክሊሉ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ። ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በሳምንቱ ጃንሆይ በሬዲዮ ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ለፓርላማው ተጠያቂ እንዲሆን መፍቀዳቸውን ተናገሩ። አስቡት፤ ዘመናት የተፈለገው ቃል በአንድ ምሽት ንግግር ተሰጠ! እኛስ ምን አልን? «ዘገየ» አልን። አንዱ የዶርም ጓደኛችን ደግሞ፣ «አሮጌ ጠላ በአዲስ ጋን» አለ፤ ሳቅን፤ አለቀ።

ረቂቁ ነሐሴ ላይ ይፋ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ የአገር አንድነት ምልክት ሆነው ይቀጥላሉ፤ መንግሥት የሚመራው ፓርላማው የሚመርጠው ጠቅላይ ሚኒስትር ነው፤ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ይለያያሉ። በአጭሩ ያ ሁለተኛ ጥያቄ፣ «ታዲያ ማን ይከሰስ?» የሚለው፣ መልስ የሚያገኝበት ሰነድ ነበር። ግን ማን ያንብበው? በዚያ ሰዓት የአገሪቱ ጉልበት በደርጉ እጅ ገብቷል፤ ሹማምንቱ አንድ በአንድ እየታሠሩ ነው፤ እኛ ደግሞ የምንጮኸው ለሕዝባዊ መንግሥት ነበር። ዘውድ የሚለውን ቃል የያዘ ወረቀት ለእኛ ወረቀት አልነበረም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ። አሁን አሁን ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። በዚያው ቀን የወጣው የደርጉ አዋጅ ቁጥር 1 ዘውዱን አልሻረም። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን፣ ሕክምና ላይ ካሉበት ውጭ አገር ሲመለሱ እንደሚነግሡ፣ ንጉሡም በአገሪቱ አስተዳደርና ፖለቲካ ሥልጣን የሌላቸው ርዕሰ ብሔር እንደሚሆኑ ነበር የሚለው። አዲሱ ረቂቅም ተሻሽሎ በሥራ ላይ እንደሚውል ተስፋ ተሰጠ። በዚያው አዋጅ ግን ፓርላማው ተዘጋ፤ ሕገ መንግሥቱ ታገደ።

ተመልከቱ እንግዲህ! ለስድስት ወራት ያህል ኢትዮጵያ በሕግ «የማይገዛ ንጉሥ» ነበራት፤ ንጉሡ ያልመጣ፣ ሚኒስትሩን የሚጠይቅ ፓርላማ የሌለ፣ የሚያዝዘው መለዮ ለባሽ የሆነ። ሕገ መንግሥታዊ ዘውድ ሳይሆን ዘመነ መሳፍንት ተመልሶ መጣ። ራሱ ነበር፤ እንደራሴውም ነበር፤ ጉባኤው ግን አልነበረም።

የሹማምንቱን ጥፋት የሚመረምር ኮሚሽን በ1966 ተቋቁሞ ነበር፤ ከመምህራኖቻችን አንዱ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም ነበሩበት። ቃል ይሰማ ነበር፤ ሰነድ ይመረመር ነበር። «ማን ይከሰስ?» የሚለው ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓት እየተጠየቀ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ግን ወደ ስልሳ የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። አክሊሉም እንዳልካቸውም ከእነሱ መካከል ነበሩ። ጥያቄው ሳይመለስ በጥይት ተዘጋ። መጋቢት 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ዘውዱ በአዋጅ ተሻረ። ያኔ እኛ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ በየገጠሩ ተበትነን ነበር። «አሮጌ ጠላ በአዲስ ጋን» ያለው ጓደኛችን ዛሬ ከመካከላችን የለም፤ ቢኖር ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ የማሳየው ለእሱ ነበር። ይከራከረኝም ነበር።

ረቂቁ ቢጸድቅ አገሩ ይድን ነበር ወይ? እንዲያ ብዬ አልምልም። መሬት በባላባት እጅ፣ ጦሩ በየካምፑ ያመፀ፣ ፓርቲ የሌለበት ፓርላማ ይዞ አንድ ወረቀት ተአምር አይሠራም። በ1923 ወይም በ1948 ቢመጣ ሥር ለመስደድ ጊዜ ያገኝ ነበር። በ1966 የመጣው ግን ቤቱ ሲቃጠል ጉድጓድ እንደ መቆፈር ነው። ይህ የጃንሆይ ጥፋት ነው። ውኃውን ሳንቀምስ መድፋታችን ደግሞ የእኛ።

ዛሬ ያለው ወንበር

በ1980 ዓ.ም. የታወጀው የኢሕዴሪ ፕሬዚዳንት እንደገና ሁሉንም በአንድ እጅ ሰበሰበ፤ ዘውድ የሌለው አንቀጽ 26 ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የአሁኑ ሕገ መንግሥት ግን ሁለቱን ለያቸው። በአንቀጽ 69 መሠረት ርዕሰ ብሔሩ ፕሬዚዳንቱ ነው። የመንግሥት ሥራ መሪው፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰብሳቢውና የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዡ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ፕሬዚዳንቱን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርበዋል፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጡታል። ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። ከዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ጀምሮ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ሙላቱ ተሾመ፣ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሣህለ ወርቅ ዘውዴ፣ አሁን ደግሞ ታዬ አጽቀ ሥላሴ በወንበሩ ተቀምጠዋል።

የፊርማውን ነገር እንይ። ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ይላካል፤ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማው ይጸናል። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ1990 በዚህ ጉዳይ ተቸግራ ነበር። ንጉሥ ቦዱዋን የጽንስ ማቋረጥን ሕግ ኅሊናዬ አይፈቅድም ሲሉ፣ ንጉሡ ለጊዜው መንገሥ እንዳልቻሉ ተቆጥሮ ሚኒስትሮቹ ፈርመውት እሳቸው ወደ ዙፋናቸው ተመለሱ። የእኛ ሕግ ይህን ጣጣ አስቀድሞ ቆርጦታል።

ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በአንቀጽ 60 መሠረት ጣምራ መንግሥት አብላጫውን አጥቶ ከፈረሰ፣ ፓርቲዎቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ አዲስ ጣምራ መንግሥት እንዲመሠርቱ ሊጋብዝ የሚችለው ፕሬዚዳንቱ ነው። ካልተስማሙ ምክር ቤቱ ተበትኖ ምርጫ ይደረጋል። እስከ ዛሬ ለዚህ የበቃ ቀን አልመጣም፤ ጣምራነት የሚጠይቅ ፓርላማ አይተን አናውቅምና። ቀኑ ሲመጣ ግን ያ ወንበር ሪባን መቁረጫ አይሆንም።

ስለዚህ ለዚያ ወጣት መምህር መልሴ ይኸው። ርዕሰ ብሔር ዘውድ ቢደፋም ባይደፋም ሥራው አንድ ነው። መንግሥት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ አገር ግን ይቀጥላል። ያንን ቀጣይነት አንድ ሰው በአካሉ ይዞት ይቆማል። የተሸነፈው ወገን ሳይቀር «የእኔም ነው» የሚለው ሰው መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ከሥሩ የሚጠየቅ ሰው ሲኖር ነው። የሚጠየቅ ሚኒስትር፣ የሚጠይቅ ፓርላማ፣ ፓርላማውን የሚመርጥና የሚሽር ሕዝብ ከሌለ፣ ሥልጣን የለሽ ርዕሰ ብሔር የጎንደር ንጉሥ ነው፤ ባለ ሥልጣኑም የየጁ ራስ። ንጉሥ ወይስ ፕሬዚዳንት? የሚለው ክርክር ለሻይ ሰዓት ይጥማል፤ እኔም እወደዋለሁ። የሚያዋጣው ጥያቄ ግን የተረቱ ሁለተኛ ግማሽ ነው።

ለመምህራኖቻችን አንዲት ልመና አለችኝ። ያንን የ1966ቱን ረቂቅ ለተማሪዎቻችሁ አስነብቡልን። ይደግፉት ወይም ይንቀፉት፤ አንብበው ይሁን። እኛ ሳናነብ ስቀን ነው ያለፍነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ያው ጥላ ሥር እንገናኝና፣ ያነበበ ሰው ይዛችሁልን ኑ። ሻዩ በእኔ ነው። ቸር ያገናኘን።